የውጭ ቋንቋን በዲጂታል መሣሪያ ማስተማር፦ ከፕላዝማ ትምህርት ለስፓኒሽ ክፍል የሚወሰድ ልምድ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የወረታ ከተማ የፎገራ ሜዳ መገበያያ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚያመራው መንገድም መገንጠያ ናት። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋውና የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያቋርጡት ይህ ሜዳ ቀደም ባለው ዘመን ይታወቅ የነበረው በተለይ በፎገራ የቀንድ ከብት ዝርያ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አማካይነት ሩዝን ካስተዋወቁ ወዲህ ግን የፎገራ ስም ከሩዝ ተለይቶ አይነሣም። የወረታ ግብርና ኮሌጅና የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኙትም በዚሁ አካባቢ ነው።

የወረታው ኮሌጅ ሠልጣኞችን የሚያዘጋጀው በግብርና ሙያ እንጂ በቋንቋ አይደለም። ይሁንና በዓለም ላይ ስለ ሩዝ የሚጻፈው ሁሉ በእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። በ1967 በኮሎምቢያ፣ በካሊ ከተማ አቅራቢያ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሐሩር ግብርና ማዕከልም ሆነ በ1995 የተመሠረተው የላቲን አሜሪካ የመስኖ ሩዝ ፈንድ የሚያገለግሉት ስፓኒሽ ተናጋሪ የሆኑ አገሮችንም ጭምር ነው። ስፓኒሽ በ20 ሉዓላዊ አገሮች የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ነው። ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 6 ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ መቀመጫውን አዲስ አበባ ካደረገው የአፍሪካ ኅብረት ቋንቋዎችም ይመደባል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ አንድ የኮሌጅ ሠልጣኝ ስፓኒሽ ቢማር የሚያገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። አስቸጋሪው ጥያቄ ማን ያስተምረው የሚለው ነው። የስፓኒሽ መምህር በየወረዳው አይገኝም። በዚህ ጊዜ የኃላፊዎች ሐሳብ ፈጥኖ የሚያርፈው በዲጂታል መሣሪያ ላይ ነው፤ ኮምፒዩተር ይገዛል፣ መተግበሪያ ይጫናል፣ ትምህርቱም ይቀጥላል ተብሎ ይታሰባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያው የሚችለውንና የማይችለውን ነገር ለይቶ ማሳየት ነው። አገራችን በዚህ ረገድ በከፍተኛ ወጪ ያገኘችው ልምድ አላት። ስለ ስፓኒሽ የሚነገረው አብዛኛው ነገር፣ የኮሌጆቻችን ሠልጣኞች በየዕለቱ ለሚቸገሩበት እንግሊዝኛም ይሠራል።

ያለ መሣሪያ የተማሩት

ጣና አካባቢና የስፓኒሽ ተናጋሪዎች የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። በ1603 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ግዕዝና አማርኛን የተማረው ከአገሩ ሰዎች ጋር በመኖርና በመነጋገር ነበር። በ1618 ግሽ ዓባይን ጎብኝቷል፤ የኢትዮጵያን ታሪክ የሚተርክ ሰፊ መጽሐፍ በፖርቱጋልኛ ጽፏል፤ በ1622 ከጣና በስተሰሜን በምትገኘው ጎርጎራ ሕይወቱ አልፏል።

በተቃራኒው አቅጣጫ የተደረገው ጉዞ ደግሞ በብዙዎች ትውስታ ውስጥ ይገኛል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ሄደው “የወጣቶች ደሴት” በተባለችው ደሴት ላይ ተምረዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ያጡ ነበሩ። ከአገራቸው ሲነሡ ስፓኒሽ አያውቁም፤ እዚያ ግን ሒሳቡም ሳይንሱም የሚሰጠው በስፓኒሽ ነበር። ከመካከላቸው ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና የግብርና ባለሙያዎች ወጥተዋል።

በእነዚህ ሁለት ታሪኮች ውስጥ መሣሪያ የለም፤ ሦስት ነገሮች ግን አሉ። ተማሪው ቋንቋውን ዘወትር ይሰማል፤ መልስ ለመስጠት ይገደዳል፤ ሲሳሳትም የሚያርመው ሰው አለ። ማንኛውም የቋንቋ ማስተማሪያ መሣሪያ ሊመዘን የሚገባው ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛውን ያሟላል በሚል ነው።

የፕላዝማ ትምህርት ያሳየው

በ2004 በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት በሕዝቡ ዘንድ “ፕላዝማ” በሚለው ስም ይታወቃል። በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅተው በእንግሊዝኛ የሚቀርቡት ትምህርቶች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ጥራት በአገሪቱ ውስጥ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ይሠራጩ ነበር። ሐሳቡ የፍትሐዊነት ሐሳብ ነበር። ቤተ ሙከራ የሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ተማሪ የከተማው ተማሪ የሚያየውን ሙከራ በእኩል ደረጃ እንዲያይ ታስቦ ነው። ይህም በብዙ ቦታ ተሳክቷል።

ችግሩ የታየው በሌላ በኩል ነው። ሥርጭቱ የአንድ አቅጣጫ ነበር። ተማሪው ባይገባው ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ ወይም መጠየቅ አይችልም። ለመምህሩ የሚተርፈው በመግቢያውና በማጠቃለያው ላይ ያለው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። መብራት የጠፋበት ክፍለ ጊዜ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ያመልጣል። በተለይ እንግሊዝኛው የከበደው ተማሪ የሚቸገረው ሁለት ጊዜ ነበር፤ አንድም በትምህርቱ ይዘት፣ አንድም ትምህርቱ በቀረበበት ቋንቋና ፍጥነት። በወቅቱ ከመምህራን የተሰሙት አስተያየቶችና በኋላ የተካሄዱ ጥናቶች ደጋግመው ያነሡት ይህንኑ ነው።

ከላይ በተጠቀሱት ሦስት መመዘኛዎች ሲታይ ፕላዝማ ያሟላው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ተማሪው ይሰማል፤ ነገር ግን አይመልስም፤ አይታረምም። ለታሪክ ወይም ለሥነ ሕይወት ትምህርት ይህ ጉድለት በመጽሐፍ ሊካካስ ይችል ይሆናል፤ ለቋንቋ ግን አይቻልም። ዛሬ ዘመናዊ ቪዲዮ በትልቅ ስክሪን እያሳየ ተማሪው በዝምታ እንዲመለከት የሚያደርግ የቋንቋ ክፍልም መሣሪያው አዲስ ይሁን እንጂ አሠራሩ የቀድሞው ነው።

አማርኛ ተናጋሪው ይዞት የሚመጣው ሀብት

በዓለም ገበያ ከሚገኙት የስፓኒሽ መማሪያ መተግበሪያዎች አብዛኞቹ የተዘጋጁት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። የወረታ፣ የደብረ ታቦር ወይም የባሕር ዳር ተማሪ እነርሱን ሲጠቀም ስፓኒሽን የሚያገኘው በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ነው። ይህ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ጊዜ ከመውሰዱም በላይ አማርኛ የሚሰጠውን ጥቅም ያሳጣል።

ከድምፅ እንጀምር። ስፓኒሽ ያሉት አናባቢዎች አምስት ሲሆኑ፣ አምስቱም በአማርኛ ፊደል ከካዕብ፣ ከሣልስ፣ ከራብዕ፣ ከኃምስና ከሳብዕ ድምፆች ጋር ይቀራረባሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚደክምበት “ኝ” ለእኛ የ“ዳኛ” እና የ“እኛ” ድምፅ ነው፤ ስፓኒሽ ዓመትን “አኞ”፣ ሕፃንን “ኒኞ” ይላል። የመጥበቅና የመላላት ልዩነትም እንዲሁ ነው። አማርኛ ተናጋሪ “ገና” የሚለውን ቃል አላልቶ ሲናገር “እስካሁን” ማለቱ፣ አጥብቆ ሲናገር ደግሞ የልደትን በዓል መጥራቱ እንደሆነ ያውቃል። በስፓኒሽም “ፔሮ” የሚለው ቃል “ር” ሲላላ “ግን”፣ ሲጠብቅ “ውሻ” ማለት ነው። ፎገራን የሚመለከተው “አሮዝ” የሚለው ቃል “ር” የሚጠብቅ ሲሆን ትርጉሙ ሩዝ ነው። “አሮዝ”ም “ሩዝ”ም ከዐረብኛ የመጡ ወንድማማች ቃላት ናቸው።

በሰዋስው ረገድም እንዲሁ ነው። አማርኛ “እናገራለሁ” ሲል “እኔ” የሚለውን ቃል መጨመር አያሻውም፤ ስፓኒሽም “አብሎ” ሲል ተናጋሪው ማን እንደሆነ ከግሱ መድረሻ ይታወቃል። እንግሊዝኛ ለታናሹም ለታላቁም አንድ ተውላጠ ስም ሲጠቀም፣ ስፓኒሽ ለቅርብ ሰው “ቱ”፣ ለሚከበር ሰው “ኡስቴድ” ይላል። “አንተ”፣ “አንቺ” እና “እርስዎ” እያለ ያደገ ተማሪ የዚህን ልዩነት ምክንያት ሊያስረዱት አያስፈልግም። ከዚህም በላይ በሁለቱም ቋንቋዎች የአክብሮቱ አነጋገር የሚይዘው የሦስተኛ መደብን የግስ ቅርጽ ነው። በእንግሊዝኛ በኩል በሚያልፍ መተግበሪያ ይህ ሁሉ ይደበዝዛል።

አማርኛ ተናጋሪውን የሚያስቸግሩ ነገሮችም አሉ። ዋነኛው የድምፅ ጫና ነው። “አብሎ” የሚለው ቃል ጫናው ፊት ላይ ሲያርፍ “እናገራለሁ”፣ መጨረሻ ላይ ሲያርፍ “ተናገረ” ማለት ይሆናል። አማርኛ ትርጉምን በዚህ መንገድ ስለማይለይ ጆሯችን በቀላሉ አይይዘውም። ሌላው የስም ጾታ ነው፤ በስፓኒሽ ጠረጴዛውም መጽሐፉም ወንዴ ወይም ሴቴ ተብሎ ስለሚመደብ በቃል መያዝ አለበት። ጥሩ መምህር መሣሪያውን የሚያሰማራው በእነዚህ ላይ ነው፤ ተማሪው አስቀድሞ በሚያውቀው ላይ ጊዜ አያጠፋም።

የመናገሪያ ጊዜ ስሌት

አንድ ክፍል 40 ተማሪዎች አሉት እንበል፤ ክፍለ ጊዜው 50 ደቂቃ ነው። መምህሩ ምንም ሳይናገር ደቂቃዎቹን በሙሉ ለተማሪዎች በየተራ ቢያከፋፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ነው። በዚህ ሁኔታ ማንም ሰው ቋንቋ ተናጋሪ ሊሆን አይችልም። የዲጂታል መሣሪያ ትልቁ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ደግሞ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በተማሪው እጅ ያለው የሞባይል ስልክ ድምፅ ይቀዳል። መምህሩ የአንድ ደቂቃ የስፓኒሽ ንግግር በተማሪዎች ስልክ ላይ ይጭናል፤ ተማሪው እስኪገባው ድረስ እያቆመና እየመለሰ ያዳምጣል፤ ከዚያም የራሱን ድምፅ ቀድቶ ከመጀመሪያው ጋር ያነጻጽራል፤ መጨረሻ ላይ የተሻለ ነው ያለውን ለመምህሩ ይልካል። በአገራችን ተማሪዎች ዘንድ በስፋት የተለመደው ቴሌግራም ለዚህ በቂ ነው፤ የድምፅ መልእክት ከቪዲዮ እጅግ ያነሰ የዳታ መጠን ይጠይቃል። ተማሪው አንድ ደቂቃ የሚላክ ድምፅ ለማዘጋጀት ብዙ ጊዜ ደጋግሞ መናገሩ አይቀርም፤ በክፍል ውስጥ ያጣውን የመናገሪያ ጊዜ የሚያገኘውም በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ የኃላፊዎችን ትኩረት የሚሻ ጉዳይ አለ። 40 ተማሪዎች በሳምንት አንድ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ቢልኩ መምህሩ ለማዳመጥ ብቻ 40 ደቂቃ ያስፈልገዋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ደቂቃ ከሆነ ደግሞ 160 ደቂቃ ይደርሳል፤ እርማት ለመስጠት የሚወስደው ጊዜ ገና አልተቆጠረም። ይህ ሥራ በመምህሩ የሥራ ሰዓት ውስጥ ካልታሰበ መምህሩ በሁለተኛው ወር ማዳመጡን ያቆማል፤ ተማሪውም የሚሰማው እንደሌለ ሲረዳ መላኩን ይተዋል። መሣሪያው አለ፤ ትምህርቱ ግን ቆሟል። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ሲወድቁ ምክንያቱ የኢንተርኔት ችግር ብቻ ተደርጎ ይታያል፤ ያልተቆጠረው የመምህር ጊዜ ግን አይነሣም።

ቃላትን በማስታወስ ረገድ

ጀርመናዊው ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናት ሰው የተማረውን ነገር በፍጥነት እንደሚረሳ፣ በየጊዜው ከደጋገመው ግን እንደሚጸናለት አመልክቷል። በ2006 የወጣው “አንኪ” የተሰኘው ፕሮግራም የተገነባው በዚህ መርህ ላይ ነው። ተማሪው የሚያውቀውን ቃል እያራቀ፣ የሚሳሳተውን እያቀረበ ይጠይቀዋል። ፕሮግራሙ በኮምፒዩተርና በአንድሮይድ ስልኮች ላይ በነጻ ይገኛል፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ የጥያቄ ካርዶቹን መምህሩ ራሱ በአማርኛ ማዘጋጀት መቻሉ ነው። ለግብርና ሠልጣኝ የአየር መንገድና የሆቴል ቃላት ከማስጠናት ይልቅ ዘር፣ ማሳ፣ መስኖ፣ አረምና አጨዳ የሚሉትን ማስቀደም ይቻላል። ካርዱ ላይ ጽሑፉ ብቻ ሳይሆን ድምፁም መኖር አለበት፤ ስፓኒሽ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ የ“ር” መጥበቅም ሆነ የድምፁ ጫና አይታይምና።

ግንኙነት በሚቋረጥበት ጊዜ

የፕላዝማ ትምህርት ሌላው ትምህርት፣ ዕቅድ መነደፍ ያለበት መብራትና ኔትወርክ ይቋረጣል በሚል ታሳቢ መሆኑ ነው። በ2002 ይፋ የሆነው “ሙድል” የተሰኘው የትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓት በአንድ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ በሚቀመጥ ኮምፒዩተር ላይ ሊጫን ይችላል። ተማሪዎች በግቢው ዋይፋይ አማካይነት ትምህርቱን፣ ድምፁንና ፈተናውን ያገኛሉ፤ ኮሌጁ ከውጭው ኢንተርኔት ጋር የግድ መገናኘት አያስፈልገውም። “ኮሊብሪ” የተባለው ነጻ ሥርዓትም የተሠራው ኢንተርኔት ለማይደርስባቸው ትምህርት ቤቶች ነው። ከዚህ ያነሰ አቅም ላለው ተቋም ድምፆቹን በሜሞሪ ካርድ ቀድቶ ማደል በቂ ነው።

ግንኙነት ሲኖር ደግሞ በነጻ የሚገኙ አስተማማኝ ምንጮች አሉ። በ1713 የተመሠረተው የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው። የስፔን መንግሥት የቋንቋና የባህል ተቋም የሆነው ሰርቫንቴስ ከ1997 ጀምሮ በኢንተርኔት የቋንቋ ማዕከል ያስተዳድራል። ከሳላማንካ፣ ከቦነስ አይረስና ከሜክሲኮ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በጋራ ያዘጋጀው “ሲኤሌ” የተሰኘው የብቃት ፈተና በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሲሆን፣ አንድ ኮሌጅ የተማሪዎቹን ደረጃ በውጭ መለኪያ ለማረጋገጥ ሊያስበው ይችላል።

ከ2022 መጨረሻ ወዲህ የተስፋፉት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የመነጋገሪያ ፕሮግራሞች ለስፓኒሽ ልምምድ ይጠቅማሉ፤ ተማሪው ሳያፍር ደጋግሞ ይነጋገራል፤ ጽሑፉንም ያርሙለታል። አማርኛቸው ግን ከስፓኒሻቸው ያነሰ ስለሆነ በአማርኛ የሚሰጡትን ማብራሪያ መምህር ሳያየው ለተማሪ ማደል ተገቢ አይደለም።

ከግዥ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው

የአገሪቱ የዲጂታል ስትራቴጂ በ2020 ጸድቆ ወደ ሥራ ከገባ ወዲህ የትምህርት ተቋማት ለመሣሪያ የሚያቀርቡት ጥያቄ ጨምሯል። የቋንቋ ትምህርትን የሚመለከት የግዥ ጥያቄ ሲቀርብ የሚከተሉትን ነጥቦች አስቀድሞ ማጣራት ብዙ ብክነት ያድናል።

አንደኛ፣ ተማሪው በመሣሪያው አማካይነት በሳምንት ስንት ደቂቃ ይናገራል? መልሱ “ይመለከታል” ወይም “ያዳምጣል” ብቻ ከሆነ የሚገዛው ሌላ ፕላዝማ ነው። ሁለተኛ፣ ተማሪው ማቆምና መድገም ይችላል? ሦስተኛ፣ መብራትና ኔትወርክ በሌለበት ቀን ትምህርቱ በምን ይቀጥላል? አራተኛ፣ ማብራሪያው በአማርኛ ወይም ተማሪው በሚገባው የአገር ቋንቋ ሊዘጋጅ ይችላል? አምስተኛ፣ የተማሪውን ድምፅ የሚያዳምጠው ማን ነው፤ ሰዓቱስ በሥራ ድልድሉ ውስጥ ተይዟል? ስድስተኛ፣ ውጤቱ በምን ይለካል?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል መልስ አለው። ትምህርቱ በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት የእያንዳንዱ ተማሪ የአንድ ደቂቃ ንግግር ይቀዳል፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ ተማሪው ስለዚያው ርእሰ ጉዳይ እንደገና ተናግሮ ይቀዳል። ሁለቱን አከታትሎ ያዳመጠ ኃላፊ ቋንቋውን ባያውቀው እንኳ ተማሪው በመጀመሪያው ላይ ስንት ጊዜ እንደቆመ፣ በሁለተኛው ላይ ምን ያህል ሳይደናቀፍ እንደተናገረ ይሰማል። ይህ ማስረጃ ከተገዙት ኮምፒዩተሮች ቁጥር ይልቅ ስለ ፕሮግራሙ እውነቱን ይናገራል።

ሥራውን በአንድ ክፍል፣ በአንድ መምህርና ተማሪዎች ባሏቸው ስልኮች መጀመር ይቻላል። በዚህ ደረጃ ውጤት ያልተገኘበት አሠራር ብዙ መሣሪያ ሲገዛለት አይሻሻልም፤ ውጤት የተገኘበት ግን ለምን ያህል መሣሪያ በጀት መያዝ እንዳለበት ራሱ ያመለክታል። በፎገራ ሜዳም ቢሆን አዲስ የሩዝ ዝርያ በስፋት ከመሠራጨቱ በፊት በትንሽ ማሳ ላይ ይሞከራል። የቋንቋ ማስተማሪያ መሣሪያም ሊያልፍ የሚገባው በዚሁ መንገድ ነው።